ፍሎራልባ ፊደሏ አላት

ኤል ሳውሴ፣ ማርች 3 ቀን 1974

ለእህቴ ለፍሎራልባ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽ፣ ልጆችሽ፣ ያ ወሬው የማያልቅልሽ ባሕርሽ ሁሉ ደህና ነው? እኔ፣ ሞት አይሉት ሕይወት፣ አለሁ። ሰላምታዬን እዚህ ላይ ጨርሻለሁ፤ ከዚህ ወዲያ ሰላም የለም።

ስለ ላሟ ጠይቀሻል። ላሟ ደህና ናት። ስለ ጣሪያው ጠይቀሻል። እንደ ወትሮው ከምድጃው በላይ ያፈሳል። አሁን ደግሞ ያልጠየቅሽኝን ልንገርሽ።

ወንድማችን ቤላርሚኖ ከሶጋሞሶ ጠበቃ ይዞ መጣ። እማማ ማሳውን ለሱ፣ ቤቱን ለኔ ማድረጓ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነው። እሱ ማሳውን ለጡብ ፋብሪካ ሊሸጥ ነው፤ ገዢው ደግሞ ቤት መሀሉ ላይ ቆሞበት አልገዛም አለ። ስለዚህ ከሰሰኝ። ጠበቃው ያንን ወረቀት ዳኛው ፊት ዘረጋው፤ ኦክቶበር ላይ እማማ አልጋዋ ላይ ሆና ስትናገር አንቺ በገዛ እጅሽ የጻፍሽውን፣ እሷም በአውራ ጣቷ ያተመችበትን። በጣቱ እየጠቆመ አነበበ፦ «ዲጎ ኬ አናቲልዴ ቪቬ ኤን ላ ካሳ።»

ቪቬ!

«ክቡር ዳኛ፣» አለ፣ «ሟቿ እዚህ ላይ ያዘዙት ነገር የለም። አናቲልዴ ቤቱ ውስጥ ትኖራለች ብለው ወሬ ነገሩን እንጂ ትኑር አላሉም። ትኑር ቢሉ ኖሮ ቪቫ ይሉ ነበር። ድመትም ቤት ውስጥ ትኖራለች፤ ታዲያ ቤቱ የድመቷ ነው?» ሰው ሁሉ ሳቀ። ቤላርሚኖ ባርኔጣውን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ። እኔ እንደ ድመቷ ተቀምጬ አዳመጥኩ።

ይህን ማን እንደጻፈው አስቢ እስቲ። ለእረፍት ከመነኮሳቱ ትምህርት ቤት ስትመጪ፣ አራት ዓመት የምበልጥሽን እኔን ምድጃው ጎን አስቀምጠሽ በእንጨት ማንኪያ እጄን እየመታሽ ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽም? «የኣ ግሶችና የኤ ግሶች ሩዋና ይለዋወጣሉ» ነበር የምትዪኝ። ያለውን ነገር ስትናገሪ ሁሉም የገዛ ሩዋናውን፣ የሱፍ ካባውን፣ ደርቦ ይቀመጣል፤ አብላ፣ ትናገራለች፤ ኮሜ፣ ትበላለች፤ ቪቬ፣ ትኖራለች። የምትመኚውን፣ የምትፈሪውን፣ የምታዢውን ስትናገሪ ግን የመጨረሻ ድምፃቸውን አውልቀው ይቀያየራሉ፤ አብሌ፣ ትናገር፤ ኮማ፣ ትብላ፤ ቪቫ፣ ትኑር። አንድ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ መታሽኝ። ቆጥሬዋለሁ። አሥራ አንደኛው ቪቬ ብዬ ነው።

አሁን እኔ ማንኪያ ይዤ ባራንኪያ ድረስ ልምጣ?

ለዳኛው ጻፊ። እጄ ስቶ ነው በይ። ቶሎ በይ። እኔም እጅሽ ነው የሳተው ብዬ ማመን እፈልጋለሁ።

እህትሽ አናቲልዴ


ባራንኪያ፣ ማርች 19 ቀን 1974፣ የቅዱስ ዮሴፍ ዕለት

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ አናቲልዴ፣

ጤናሽን አጥብቄ እጠይቃለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ሙቀቱ ብቻ መከራ ነው። ቀለሙ ፈስሶ ካየሽው ላብ ነው፣ ሌላ እንዳይመስልሽ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ፈተና ሳርም ነበር። ሠላሳ አምስት ልጃገረድ አስተምሬ ሠላሳ አምስቱም ሩዋናውን አምታተውታል።

ለዳኛው ጻፊ ብለሻል። እትዬ፣ እኔ መምህርት ነኝ፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ጠበቃው ሰዋስዉን አልሳተም። «ዲጎ ኬ»፣ እላለሁ፣ ብለሽ ቪቬ ካስከተልሽ ያየሽውን መናገርሽ ነው፤ ቪቫ ካስከተልሽ ማዘዝሽ ነው። እኔም የጻፍኩት የሰማሁትን ነው።

እማማን፣ ነፍሷን ይማርና፣ አነጋገሯን ታውቂያለሽ። «ቪቫሞስ» እንኳ፣ እንኑር ማለቱን፣ በወጉ አትለውም ነበር፤ ድምፁን ከፊት «ቪ» ላይ ትጭነው ነበር። ከቆላ እስከ ደጋ የገበሬ ስህተት ነው፤ ክፍል ውስጥ በየዓመቱ እንደ አረም እነቅለዋለሁ። ፊደል ያልቆጠረች ሴት አልጋ ላይ ሆና፣ ትኩሳት ይዟት፣ ኤ እና ኣን ብታምታታ ምኑ ይገርማል? እኔ ላርምላት አልቻልኩም። የሰው ኑዛዜ የፈተና ወረቀት አይደለም።

ደግሞ በእርጋታ አስቢው። ቤላርሚኖ ሶጋሞሶ ክፍል ሊሰጥሽ ፈቃደኛ ነው። ልጅ የለሽም፣ ባል የለሽም፤ ያ ሁሉ ቤት ለአንዲት ነፍስ ምን ያደርጋል? ከመጣላት ይሻላል። የባሕሩን ፎቶግራፍ ግድግዳሽ ላይ እንድትሰቅዪው ልኬልሻለሁ።

ልጆቹ እጅ ይነሱሻል።

ታናሽሽ ፍሎራልባ


ኤል ሳውሴ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1974

ለክብርት መምህርት ፍሎራልባ፣

ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ ብዬዎታለሁ። አንቺ የሚባለው ለእህት ነው።

ፎቶግራፍዎን መልሼ ልኬያለሁ። ግድግዳዬ ሊፈርስ ስለሆነ የምሰቅልበት የለኝም።

ባል የለሽም፣ ልጅ የለሽም ብለው ጽፈዋል። እግዜር ይስጥልኝ፤ ረስቼው ነበር። ባል ላገባ ስል እማማ ወገቧ ተያዘ። ልጅ የሚወለድበት ዕድሜዬ ደግሞ በእርስዎ መጽሐፍ አለቀ። መነኮሳቱ ያ ሁሉ መጽሐፍ በየትኛዋ ላም ወተት እንደተገዛ አላስተማሩዎትም? ላሟንስ በዚያ ብርድ ሲነጋ ማን ያልባት እንደነበር? ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። የቤላርሚኖን ክፍል አይቻታለሁ። የጭነት መኪናውን ጎማ የሚቆልልባት ናት። ጎማዎቹን አታወጣቸውም ወይ ብዬ ብጠይቀው «ትለምጃቸዋለሽ» አለኝ። ለመሆኑ እርስዎ የክፍሉን ነገር ከየት ሰሙ? እኔ አልጻፍኩልዎትም። ትጻጻፋላችሁ ማለት ነው። እሰይ! የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ የኛ እናት ሆድ ግን ለኔ ብቻ ጥቁር ነው የደረሰኝ።

ወደ እማማ ልምጣ። ጽሕፈቴ ቢበላሽ ያርሙት።

ቪቫሞስን ከፊት ትጭነው ነበር፤ አዎ። እርስዎም የመጀመሪያ እረፍትዎ ላይ ሳቁባት፤ ከዚያ ወዲያ እርስዎ ባሉበት ያንን ቃል አንድ ቀን ወጥቷት አያውቅም። አያውቁም ነበር? እኔ ግን አየሁ። ድምፅ ከፊት መጫን የአፍ ነገር ነው፤ የልብ አይደለም። እማማ ሰው ሲሰጣት ምን ትል ነበር? «ዲዮስ ሌ ፓጌ»፣ እግዜር ይክፈልህ። ሰው ሲበላ? «ኬ ሌ አፕሮቬቼ»፣ ይስማማህ። ሬሳ ሲያልፍ? «ኬ ዴስካንሴ»፣ ነፍሱ ትረፍ። ዶሮዋን ቀበሮ ሲወስድባት እንኳ ቀበሮውን የምትረግመው በተለወጠ ሩዋና ነበር። ሴትዮዋ ከጠዋት እስከ ማታ ስትመኝ፣ ስትመርቅ፣ ስትረግም፣ ስትሰጋ ነው የኖረችው፤ ያለውን ነገር ብቻ ለመናገር መቼ ጊዜ አገኘች? እርስዎ በመጽሐፍ የተማሩትን እሷ በወተት ነው የጠጣችው። እና ይህች ሴት ናት ትኖራለችና ትኑርን የምታምታታው? አፈር ብላ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው አፍ፤ ለመምህርት አይባልም እንጂ!

ምስክሮቹን ይጠይቃሉ ብዬ ልንገርዎት። ወረቀቱ ላይ ከእማማ ጋር ያተሙት ሁለት ነበሩ። ዶኛ ኩስቶዲያ ጃንዋሪ ላይ ሞተች። የቀረው ጎረቤታችን ዶን ሳቱርኒኖ ነው፤ ጆሮውን ያውቁታል። «ቪቫ ብላለች፤ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ» ብሎ ጡጫውን ጠረጴዛው ላይ መታ፤ ጀግና ነው። ጠበቃው ታዲያ ከኋላው ሄዶ ቀስ ብሎ፣ «አሁን ቪቬ አልኩ ወይስ ቪቫ?» አለው። ዶን ሳቱርኒኖ ተነሥቶ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ «ቪቫ ኮሎምቢያ!» ብሎ ጮኸ። ዳኛው እንኳ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? ቤት መጥቼ ነው ያለቀስኩት።

ስሚ አንቺ፣ እርስዎ ማለቱ ሰለቸኝ። እማማን ደንቆሮ አድርገሽ ራስሽን ልታድኚ አትችይም። ሌላ ሰበብ ፈልጊ።

አናቲልዴ


ባራንኪያ፣ ኤፕሪል 27 ቀን 1974

እትዬ፣

አጭር ስለሆነ ይቅርታ። ደብዳቤሽ ሲደርስ ባለቤቴ ከጎኔ ነበር፤ ምን ተባልሽ ብሎ ጠየቀኝ፣ ላሟ ታማለች አልኩት።

ለዳኛው የማልጽፍበትን ሌላ ሰበብ ፈልጊ ብለሻል። እሺ፣ ልንገርሽ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል የእማማ ቃል አይደለም ካልኩ፣ ኑዛዜ አበላሽቼ ጻፍኩ ማለት ነው። ስህተት ነው ብል የሰዋስው መምህርት ሆኜ ይስቁብኛል፤ ስህተት አይደለም ብል ደግሞ ሐሰተኛ ሰነድ ይሆናል። በዚህም በዚያም ትምህርት ቤቱ ያሰናብተኛል። ሃያ ሦስት ዓመት ያስተማርኩበት ነው። እኔ ሌላ ቤት የለኝም፤ ገባሽ?

ስለ እማማ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ሁለተኛ ስለ ቪቫሞስ አታንሺብኝ።

እባክሽ ለጊዜው አትጻፊልኝ።

ፍሎራልባ


ኤል ሳውሴ፣ ሜይ 16 ቀን 1974፣ የቅዱስ ኢሲድሮ ማግስት

ፍሎራልባ፣

አትጻፊ ያልሽኝን አይቼዋለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል እንዲህ ነው።

ትናንት በሬዎቹ በአበባ ተሽሞንሙነው ሲባረኩ እኔ ምድጃው ጎን ድንች እየላጥኩ ነበር፤ ደስታ የሚታየኝ ሰው አይደለሁም አሁን። ድንቹን ስልጥ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። ያን ቀንም ድንች እየላጥኩ ነበር። ውሃ ቀድቼ ተመልሼ በሩ ላይ ቁጭ አልኩ፤ አንቺ ጽፈሽ ጨርሰሽ ወረቀቱን አንሥተሽ ለእማማ ጮክ ብለሽ አነበብሽላት። መነኮሳቱ ባስተማሩሽ በዚያ በሚያምር ድምፅ። «አናቲልዴ ቪቫ ኤን ላ ካሳ» አልሽ። ቪቫ! አፍሽ ኣ ብሎ ሲከፈት አይቼዋለሁ። እማማ «እንደሱ ነው» ብላ አውራ ጣቷን ሰጠችሽ፤ አንቺ ራስሽ ቀለም ቀባሽላት።

አሁን ንገሪኝ። እማማ ቪቬ ብላ ከሆነ፣ ወረቀቱም ላይ ቪቬ ተጽፎ ከሆነ፣ ቪቫ ብለሽ ምኑን ነው ያነበብሽው? ዐይንሽ ኤን እያየ አፍሽ ኣ አለ። ይሄ የእጅ መሳት ነው? የትኩሳት ነው? የገበሬ ስህተት ነው?

እኔ ሞኝ! ሁለት ወር ሙሉ ሳመካኝልሽ ከረምኩ። ለዶን ሳቱርኒኖ፣ «እህቴ ደክሟት ነበር፣ ሁለት ቀን አውቶቡስ ላይ አድራ ነው» ስለው ነበር። እሱም «ምስኪን» አለሽ። ምስኪን!

ቤቱን ልትወስጂ ፈልገሽ ቢሆን ይገባኝ ነበር። አንቺ ቤቱን አትፈልጊውም፤ ከቤላርሚኖም የምታገኚው ነገር የለም። ታዲያ ለምን? ምን አደረግሁሽ? በቁስሌ እንጨት የምትሰጂበት ምን በደልኩሽ? ይኼ ነው እንቅልፍ የነሣኝ፤ ቤቱ አይደለም። ቤቱም ነው፤ ግን እሱ ብቻ አይደለም።

ዳኛው ጁን 12 ቀን የመጨረሻውን ይሰማል። ከዚያ በኋላ ጎማ ነው የሚጠብቀኝ።

አናቲልዴ


ባራንኪያ፣ ሜይ 26 ቀን 1974

እትዬ፣

አራት ወረቀት ቀድጄ ይህ አምስተኛው ነው። ሰላምታ የለውም።

እማማ ቪቫ ነው ያለችው። ጥርት አድርጋ ነው ያለችው። ትኩሳትም አልነበራትም።

ማሳው ለቤላርሚኖ አለች፣ ጻፍኩ። ላሟና ዕቃው ለአናቲልዴ፣ አናቲልዴም እግዜር እስኪጠራት ቤቱ ውስጥ ትኑር አለች። ብዕሬን ይዤ ጠበቅኋት። አንቺ ውሃ ልትቀጂ ወርደሽ ነበር። «እኔስ፣ እማማ?» አልኳት። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እንደ ሕፃን ነው የጠየቅኋት። ዐይኗን እንኳ ሳትገልጥ፣ «ፍሎራልባ ፊደሏ አላት» አለች።

ይኸው ነው። የኔ ድርሻ።

መጽሐፍሽ በወተት ተገዛ ትዪኛለሽ። ግዙልኝ ብያለሁ? ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ አንድ ሳጥን አሸክማችሁ አውቶቡስ ላይ ጫናችሁኝ። ትሂድ አለች እማማ፤ አንቺም በሩ ላይ ቆመሽ ነበር። በየእረፍቱ ስመጣ ደህናው ሳህን ይወጣልኛል፤ እናንተ በጣውላው ሳህን ቻንጉዋ የወተት ሾርባ ስትጠጡ እኔ በአበባው ሳህን። ደህና ሳህን የሚወጣው ለእንግዳ ነው። ማንኪያውን አንሥቼ ስመታሽ ለምን እንደነበር ታውቂያለሽ? እንድትቆጪኝ ነበር። እንግዳን ማንም አይቆጣም። አንቺም አልተቆጣሽም፤ እጅሽን ዘርግተሽ ሰጠሽኝ።

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቃል ጠበቅሁ። አንድ ቀን እማማ ፍሎራልባ ትመለስ ትላለች ብዬ። ኬ ረግሬሴ። ለልጆቹ ሰሌዳ ላይ ምሳሌ ስጽፍላቸው ሁልጊዜ የምጽፈው እሱን ነው፤ የሚያውቅብኝ የለም።

እና ተናደድኩ። ድርሻሽ ፊደል ነው ካላችሁኝ ድርሻዬን ልውሰድ አልኩ። አንዲት ፊደል ወሰድኩ። ስጽፈው አውቄ ነው፤ እጄ አልሳተም፣ እንዲያውም እንደዚያ ቀን ቆንጆ ኤ ጽፌ አላውቅም። ሳነብላት ግን አፌ እምቢ አለኝ። እማማ ፊት ቪቬ ማለት አልቻልኩም። ከዚያ አውቶቡስ ያመልጠኛል ብዬ ወጣሁ። በዘጠነኛው ቀን ሞተች፤ እኔ በቴሌግራም ነው የሰማሁት፣ ከተቀበረች በኋላ። እሱንም ያደረግሽው አንቺ ነሽ።

ይቅርታ እየጠየቅሁሽ ነው፤ ይህ ይቅርታ ነው። ግን አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ፤ አንዱ ሌላውን አላጠፋልኝም። እንድመጣ ትፈልጊያለሽ፤ መጥቼ ይህን ሁሉ ቤላርሚኖ ፊት፣ ያ ጠበቃ ፊት ልናገር? እፈራለሁ፣ እትዬ።

ፍሎራልባ


ኤል ሳውሴ፣ ጁን 4 ቀን 1974

ፍሎራልባ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። አንብቤ ምድጃው ውስጥ ጣልኩት። ከዚያ አወጣሁት። ዳር ዳሩ ተቃጥሏል፤ ይነበባል።

ለዳኛው ላሳየው እችላለሁ። አላሳየውም። የተጻፈ ነገር በቃኝ፤ በተጻፈ ነገር ነው እዚህ የደረስኩት። ወይ መጥተሽ በአፍሽ ትናገሪያለሽ፣ ወይ እኔ ዕቃዬን እጭናለሁ። ረቡዕ፣ ጁን 12፣ ጠዋት።

ስለ ቴሌግራሙ የምመልስልሽ አለኝ፤ አሁን አልመልስልሽም።

አናቲልዴ


ኤል ሳውሴ፣ ጁን 30 ቀን 1974፣ የቅዱስ ጴጥሮስ ማግስት

ለፍሎራልባ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? የኛን ብርድ ረስተሽ ለችሎቱ በዚያ በስስ ቀሚስ መምጣትሽ! ሩዋና የሚያውስሽ ሰው ጠፍቶ ነው? እኔ ነበርኩ፤ አላዋስኩሽም። አውቃለሁ።

ከተመለስሽ በኋላ በላክሽልኝ በዚያች አጭር ወረቀት ሦስት ነገር ጠይቀሽኛል። አንደኛው ቀላል ነው፦ አዎ፣ ዳኛው ፈረደ። ቃሉ እንደ ቪቫ ይነበብ ብሎ በቀይ ቀለም ጽፎበታል። ቤላርሚኖ አንድ ሳምንት ተሳደበ፤ ትናንት ደግሞ ለበዓሉ መጥቶ እንዳልሆነ ሁሉ ሁለት ሳህን በልቶ ሄደ። ጠበቃውን ነው የሚረግመው አሁን።

ሁለተኛው፣ ትምህርት ቤቱ ያሰናበተሽ በኔ ምክንያት ይመስልሻል ወይ ብለሽ። አይመስለኝም። በራስሽ ምክንያት ነው። ቆመሽ «ቪቫ ነው ያለችው፤ ቪቬ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አውቄ ነው» ስትዪ ግን ዶን ሳቱርኒኖ አንድም ቃል ሳይሰማ አለቀሰ። ይህን የምጽፍልሽ እሱ ጻፊላት ስላለኝ ነው።

ሦስተኛው፣ ለምን ዐይኔን እንኳ ሳታይ በአጠገቤ አለፍሽ ብለሽ። ስለተናደድኩ ነው ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩት። ውሸት በዚህ ቤት በቃ። አፍሬ ነው።

ኑዛዜው የተጻፈ ቀን አውቶቡስሽ መታጠፊያውን ሳይጨርስ እማማ ዐይኗን ገለጠች። «ሄደች?» አለች። ሄደች አልኳት። «ተቆጥታ?» እኔ ምን አውቄ አልኳት። «እርሳስ አምጪና ጻፊላት፤ ኬ ረግሬሴ። ትመለስ። አልጋዋ አለ በያት» አለች። እሺ አልኳት።

አልጻፍኩም።

ተናድጄ ነበር። ሠላሳ ዓመት አብሬያት የተኛሁት፣ ገላዋን ያጠብኩት እኔ፤ ትመለስ የሚባልላት አንቺ! ለኔ ትመለስ ብሎኝ የሚያውቅ የለም፤ የትም ሄጄ አላውቅማ። ነገ እጽፋለሁ አልኩ። በማግስቱ እማማ፣ «ጻፍሽላት?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «መልስ መጣ?» ገና ነው አልኳት። በየጠዋቱ ትጠይቀኛለች፤ በየጠዋቱ ገና ነው እላታለሁ። ዘጠኝ ቀን። መልስሽን እየጠበቀች ሞተች፣ ፍሎራልባ። ቴሌግራሙን ከቀብር በኋላ የላክሁት ለዚህ ነው፤ መጥተሽ፣ ሰው ፊት፣ ደብዳቤው ደርሶሽ ነበር ወይ እንዳይሉሽ። አንቺን ስሰድብ የከረምኩት እኔ ይኼን በሆዴ ይዤ ነው። ሌባ ሌባን ከሰሰ።

ሳህኑን በተመለከተ ደግሞ ተሳስተሻል። የእንግዳ አልነበረም። ቄሱ እንኳ ሲመጡ በጣውላው ነው የሚበሉት። አንቺ ስትሄጂ እማማ አጥባ ትሰቅለዋለች፤ ማንም አይነካውም። አንድ ጊዜ ቤላርሚኖ አውርዶ ሊበላበት ሲል በመጥረጊያ አሯሯጠችው።

አሁን እኔ እንዴት ይቅር በይኝ እንደምልሽ አላውቅም፤ ተቆጪኝ። እንግዳን ማንም አይቆጣም ብለሽ የለ? እኔንም አንድ ሰው ይቆጣኝ እስቲ። ባልሽን ልጆችሽን ይዘሽ ነይ ብዬ አልለምንሽም፤ ልማዴ አይደለም። የእማማን መልእክት ብቻ፣ ስምንት ወር ዘግይቶ፣ በገዛ እጄ አድርሼልሻለሁ። እንዳስተማርሽኝ ነው የሠራሁት፦ ረግሬሳር፣ መመለስ፣ የኣ ግስ ነው፤ ከረግሬሳ ላይ ኣዋን አወለቅሁ፣ ኤን አለበስኳት።

ኬ ፍሎራልባ ረግሬሴ።

ስህተት ካለው ማንኪያው እንደተሰቀለ ነው። መጥተሽ ምቺኝ።

አናቲልዴ